የአየር ንብረት ለውጥን ያገናዘበ የመልክዓ ምድር ጥበቃ ዕቅድ እንዴት ይዘጋጃል?

ብዙ የጥበቃ ዕቅዶች ሳይጽፉት የሚያምኑት አንድ ነገር አለ። ዛሬ እዚህ ያለው ዛፍና እንስሳ የዛሬ ሠላሳ ዓመትም እዚሁ ይኖራል ብለው ያስባሉ። አጥር ይታጠራል፣ ችግኝ ይተከላል፣ ዘበኛ ይቀጠራል። ሙቀትን ግን ዘበኛ አይመልሰውም። ከ2011 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት የምድር አማካይ ሙቀት ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው በ1.1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በልጦ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። ስለዚህ የትኛውን ነገር እስከ መቼ ይዘን እንቆያለን የሚለውን የማይመልስ ዕቅድ፣ የቱንም ያህል ቢያምር ግማሽ ዕቅድ ነው።

ወሰኑን አስምሩ

የአስተዳደር ድንበር እርሱት፤ ተፋሰሱን ተከተሉ። ውሃው ከሚነሳበት እስከሚወርድበት ያለው መሬት አንድ ላይ ይግባ። ከፍታ ላይም አትሰስቱ። ቆላውም ጫፉም ካርታው ውስጥ ይኑር። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ሙቀቱ በየ100 ሜትሩ በአማካይ በ0.65 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አንድ ዲግሪ ሲጨምር፣ የለመደውን ቅዝቃዜ የሚፈልግ ተክል ወደ 150 ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። ከላይ ቦታ የሚቀረው መሆኑን የምታውቁት ካርታው ጫፉን ከያዘ ነው።

ዝርዝሩን አሳጥሩ

የምትጠብቋቸውን ነገሮች ጻፉ። ከአሥር ባይበልጡ ጥሩ ነው። ሁሉን የያዘ ዝርዝር ለሪፖርት ያምራል እንጂ ለሥራ አይመችም። የእንስሳና የዕፅዋት ስም ብቻ አትደርድሩ፤ ምንጭ፣ ረግረግ፣ ጎርፍ የሚተኛበት ሜዳ ይግባ። በእያንዳንዱ ጎን ያለሱ መኖር የማይችለውን ነገር አስፍሩ። አንዱ ዝናቡ በወቅቱ ካልጀመረ አያብብም። ሌላው የሌሊት ቅዝቃዜ ካልነካው ዘሩ አይበቅልም። የሦስተኛውን የአበባ ብናኝ የምታዘዋውረው አንዲት የንብ ዝርያ ብቻ ነች። ይህን ማስታወሻ ከያዛችሁ ማን ለለውጡ ይጋለጣል፣ ማን ቶሎ ይጎዳል፣ ማንስ ራሱን ያስተካክላል የሚለውን ለመመደብ ብዙ አትቸገሩም።

የወደፊቱን ከአንድ በላይ አድርጋችሁ ሳሉት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ኮምፒውተሩን ከፍቶ የአየር ንብረት ሞዴል፣ ማለትም የወደፊቱን ሙቀትና ዝናብ በስሌት የሚገምት ፕሮግራም ውጤት፣ ማውረድ ይጀምራል። ቆይ! መጀመሪያ መሬቱን ከሚያውቁት ጋር ተነጋገሩ። ምንጩ በየትኛው ወር መድረቅ ጀመረ? ሣሩ ቀድሞ የሚደርሰው በየትኛው ተዳፋት ነው? እረኛና ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ከዚያ ወደ ሞዴሉ ሂዱ፤ በልክ እመኑት እንጂ። እንደ ወርልድክሊም ያሉ የነጻ መረጃዎች በ1 ኪሎ ሜትር ካሬ የተከፋፈለ ያማረ ካርታ ይሰጣሉ። ከጀርባው ያሉት ዓለም አቀፍ ሞዴሎች ግን አንዷን ካሬያቸውን በብዙ አሥር ኪሎ ሜትሮች ነው የሚለኩት። ቀሪው በስሌት የተሞላ ነው። ካርታው ደቃቅ ስለሆነ ብቻ የእያንዳንዱን ኮረብታ ዕጣ የሚናገር አይምሰላችሁ። ሙቀት እንደሚጨምር ሞዴሎቹ ይስማማሉ። ዝናብ ላይ ግን በብዙ ቦታ እርስ በርስ ይጣላሉ። ስለዚህ አማካዩን አትውሰዱ። «ሞቃትና ደረቅ»፣ «ሞቃትና እርጥብ»፣ «ዝናቡ የማይጨበጥ» ብላችሁ ሁለት ሦስት የተራራቁ ሁኔታዎችን ሳሉና ዕቅዳችሁን በየተራ ፈትኑበት። ለካርታው ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ ሶፍትዌር ይበቃል፤ ነጻ ነው። ውድ ሶፍትዌር ካልተገዛ ሥራ አይጀመርም የሚል ሰው ካለ ሥራውን መጀመር አልፈለገም።

መቋቋም፣ መቀበል ወይስ መምራት?

ከባዱ ይሄ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት የሚጠቀምበት ቀላል አከፋፈል አለ። ለውጡን ትቋቋማላችሁ፣ ትቀበላላችሁ፣ ወይም ወደሚሻል አቅጣጫ ትመሩታላችሁ። ዝርዝራችሁ ላይ ካለው ከእያንዳንዱ ነገር ፊት ከሦስቱ አንዱን መጻፍ ግዴታ ነው።

ስብሰባ ላይ ሁሉም «እንቋቋማለን» ይላል። ማንም ስለማይወቀስበት ቀላሉ መልስ እሱ ነው። መቋቋም ግን ጉልበትና ገንዘብ ይበላል፤ በየዓመቱ ደግሞ ሂሳቡ ይጨምራል። በ2021 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰደድ እሳት ወደ ሴኮያ ብሔራዊ ፓርክ ሲጠጋ፣ ሠራተኞቹ ጄኔራል ሸርማን የተባለውን ግዙፍ ዛፍ ግርጌ እሳት በሚከላከል የአሉሚኒየም ልባስ ጠቀለሉት። ዛፉ ተረፈ። ለአንድ ዝነኛ ዛፍ ይህ ያዋጣል። ጫካውን በሙሉ ግን መጠቅለል አይቻልም። መቋቋምን ለጥቂቶች ብቻ አስቀሩት፤ በተለይ ጊዜ በመግዛት ለሚድኑት።

መቀበል ማለት እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ደኑ እየሳሳ ሣር እየሆነ ከሄደ፣ ያንን ሣር መጤ ወራሪ እንዳይወስደው መሥራት አለ። መምራት ደግሞ ደፋሩ መንገድ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ የሚኖር ለመጥፋት የተቃረበ የረግረግ ኤሊ አለ። የክረምት ዝናቡ እየቀነሰ ሲሄድ፣ ተመራማሪዎች በ2016 የተወሰኑትን ወደ ደቡብ፣ ቀዝቀዝና ረጠብ ወዳለ ቦታ ወስደው ሞከሩ። እንዲህ ያለ ነገር ያለ ፈቃድና ያለ ባለሙያ አይነካም። የተወሰደው ዝርያ የሄደበትን ቦታ ሊያበላሽ ይችላል።

ምርጫው ከተጻፈ በኋላ የውሳኔ ምልክት ይቀመጥለት። ምን ይለካል? ስንት ሲሆን ነው ምርጫው የሚቀየረው? ያኔ ማን፣ በስንት ወር ውስጥ፣ ምን ያደርጋል? «ሁኔታው እየታየ ይወሰናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ ሰርዙት። «ምንጩ ሁለት በጋ በተከታታይ ከደረቀ፣ ቀጣዩ ዝናብ ሳይገባ ዘር ተሰብስቦ ዘር ባንክ ይገባል» ብላችሁ ጻፉ። ገንዘቡም ከወዲሁ ይያዝ።

ይህ ሲዘገይ ምን እንደሚከተል አውስትራሊያ ውስጥ ታይቷል። ብራምብል ኬይ በምትባል ትንሽ ዝቅተኛ ደሴት ላይ ብቻ የሚኖር አይጥ መሰል እንስሳ ነበር፤ ሜሎሚስ ይባላል። የባሕሩ ውሃ እየጨመረ ዕፅዋቷን ይጠርግባት ጀመር። በ2008 የመታደጊያ ዕቅድ ተጻፈ። ተመራማሪዎች በ2014 ደሴቷን ሲያስሱ አንድም አላገኙም። በ2019 የአገሪቱ መንግሥት መጥፋቱን በይፋ አሳወቀ። ሰነዱ ነበረ፤ በጊዜው የተንቀሳቀሰ ግን አልነበረም።

መሸሸጊያና መተላለፊያ

ሙቀት ሁሉ ቦታ እኩል አይገባም። ጥልቅ ሸለቆ፣ ከመሬት ሥር በሚወጣ ውሃ የሚመገብ ጅረት፣ ጉም የማይለየው ተዳፋት ረዘም ላለ ጊዜ ቀዝቀዝ ብለው ይቆያሉ። እነዚህን ቀድማችሁ ለዩና አስከብሩ። «ወደ ሰሜን የዞረ ተዳፋት ቀዝቃዛ ነው» የሚለውን ግን ካነበባችሁት ማኑዋል ዝም ብላችሁ አትገልብጡ። እሱ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ርቆ ላለ አገር ነው። በስተደቡብ ሲሆን ይገለበጣል። ወገቡ አካባቢ ልዩነቱ ይጠባል። ትንንሽ የሙቀት መዝጋቢ መሣሪያዎችን ጥላ ውስጥ ሰቅሎ ዓመት ሙሉ መለካት ከግምት ያድናል።

መሸሸጊያዎቹን ደግሞ አገናኟቸው። በ2009 የታተመ አንድ ጥናት፣ በለመደው ሙቀት ውስጥ ለመቆየት የሚሻ ሕይወት በዓለም አማካይ በዓመት 0.42 ኪሎ ሜትር መጓዝ እንደሚያስፈልገው አስልቶ ነበር። ተራራ ላይ ጉዞው ያጥራል፤ ሜዳ ላይ ይረዝማል። ስለዚህ ለሜዳማ መሬት ሰፊ መተላለፊያ ያስፈልጋል። በሰሜን አሜሪካ ከየሎውስቶን እስከ ዩኮን ድረስ፣ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍነው ጥረት ከ1993 ጀምሮ የሚለፋው ለዚህ ዓይነት መተላለፊያ ነው። እናንተ ያን ያህል አያስፈልጋችሁም። የወንዝ ዳር ዛፎችን ማቆየት፣ አጥር ላይ ማለፊያ መተው፣ ከመንገድ ሥር ቱቦ ማስፋት ብዙ ይሠራል። መተላለፊያው በሰው እርሻ ወይም ግጦሽ ላይ የሚያልፍ ከሆነ፣ ካርታው ከመታተሙ በፊት ባለመሬቶቹ ይዩት። ከታተመ በኋላ ማሳየት ጠብ መጫር ነው።

ክትትል

በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚሰረዘው ይሄ ነው። ስለዚህ ርካሽ አድርጉት፤ የዝናብ መለኪያ፣ ምንጩ ላይ የተተከለ ምልክት ያለው እንጨት፣ ከአንድ ቋሚ ቦታ በየወቅቱ የሚነሳ ፎቶ። ድሮን ካላችሁ መልካም ነው፤ ከሌላችሁም ሥራው አይቆምም። የምትለኩት የውሳኔ ምልክት ያስቀመጣችሁለትን ነገር ብቻ ይሁን። ዕቅዱን በየአምስት ዓመቱ ከልሱት። ትልቅ ቃጠሎ ወይም ከባድ ድርቅ ከመጣ ግን አምስት ዓመቱን አትጠብቁ፤ በዚያው ዓመት ዝርዝራችሁን ክፈቱና የእያንዳንዱን ምርጫ እንደገና ጠይቁ።