አደይ አበባ ይዛችሁ ክፍል አትግቡ

በየዓመቱ መስከረም ላይ አንድ አዲስ የባዮሎጂ መምህር እቅፍ ሙሉ አደይ አበባ ይዞ ስታፍ ሩም ሲገባ አያለሁ። ፊቱ በርቷል። "ዛሬ በተግባር ነው የማስተምረው" ይላል። እስካሁን ዝም ነበር የምለው። ዘንድሮ ግን በቃኝ።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። በጀመርኩበት ዓመት፣ ስድሳ ምናምን ተማሪ ለታጨቀበት ክፍል አንድ አንድ አደይ አደልኩ። ሰሌዳው ላይ የመጽሐፉን ሥዕል ሳልኩ፦ ሴፓል (ከውጭ ያለው አረንጓዴ ሽፋን)፣ ፔታል (ቀለም ያለው)፣ ስታመን (ወንዴው ክፍል)፣ መሃል ላይ ፒስቲል (ሴቴው ክፍል)። "ፔታሉን ንቀሉ" አልኩ። ነቀሉ። "አሁን ስታመኑን ፈልጉ።" ጸጥ አለ። ከኋላ አንዷ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ የኔ ስታመን የላትም።" አጠገቧ ያለው ልጅ ደግሞ "የኔ መቶ አላት" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ላብ በላብ ሆንኩ፤ ምክንያቱም መልሱን አላውቀውም ነበር።

አደይ አንድ አበባ አይደለችም። የትንንሽ አበቦች ማኅበር ናት። ዙሪያዋን ያለው ፔታል የሚመስል ቢጫ ነገር እያንዳንዱ ራሱን የቻለ አበባ ነው። ሥራው ንብ መጥራት ነው እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ዘር አይሰጥም። መሃል ላይ ጥቅጥቅ ብለው የቆሙት ጥቃቅኖቹ ናቸው ሙሉ የሆኑት። እያንዳንዳቸው አምስት ስታመንና አንድ ፒስቲል አላቸው። አንተሮቹ፣ ማለትም የስታመኖቹ ጫፍ ላይ ያሉት የብናኝ ከረጢቶች፣ እርስ በርስ ተጣብቀው ቱቦ ይሠራሉ፤ ስታይሉ፣ ማለትም የፒስቲሉ ቀጭን አንገት፣ በዚያ ቱቦ ውስጥ አልፎ ብቅ ይላል። ግሩም ነገር ነው። ግን ማጉያ መነፅር በሌለበት፣ አበባ ገንጥሎ ለማያውቅ ልጅ ይህን አሳያለሁ ማለት ጉድ ነው። ሱፍና ኑግም የአደይ ዘመዶች ናቸው። እነሱንም ተዋቸው።

ከአበባ ሱቅ የተገዛ ጽጌረዳም አይሆንም። ሰው እያዳቀለ ያበዛው ጽጌረዳ ብዙ ስታመኖቹ ወደ ፔታል ተለውጠውበታል። ልጆቹ ፔታል ሲነቅሉ፣ ሲነቅሉ ደወል ይደወላል። የአጥሩ ቡጌንቪሊያ ደግሞ ቀለም ያለው ክፍሉ ቅጠል ነው፤ አበባው መሃሉ ላይ ያለችው ቀጭን ነጭ ቱቦ ናት።

ታዲያ ምን እናምጣ? የባቄላ አበባ። ትምህርት ሲከፈት ባቄላ ገና አበባ ላይ የሚሆንበት አካባቢ ብዙ ነው። አምስት ፔታል አለው፦ አንድ ትልቅ ከላይ፣ ሁለት ጥቁር ነጥብ ያለባቸው ክንፎች፣ ከታች እንደ ጀልባ የገጠሙ ሁለት። ጀልባዋን በስቴኪኒ ቀስ ብላችሁ ክፈቷት። አሥር ስታመን ታገኛላችሁ፤ ዘጠኙ ከሥር ተያይዘዋል፣ አንዱ ለብቻው ነው። እነሱን ስትገልጡ አንዲት አረንጓዴ፣ ጠፍጣፋ፣ ጥፍር የማታክል ነገር ትቀራለች። ኦቫሪዋ ናት፤ ዘሩ የሚያድግባት የፒስቲሉ ሥር። አንድ ጊዜ ከገጠር የመጣ ልጅ እሷን በጣቱ ጫፍ ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞራት። "ቲቸር፣ ይሄ እኮ እሸት ነው!" አለ። እኔ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ለማስረዳት የምለፋውን "ኦቫሪ አድጎ ፍሬ ይሆናል" እሱ በአንድ አፍ ጨረሰው። ጊዜ ካላችሁ አጠገቡ የደረሰ እሸት አስቀምጡ። ሥሩ ላይ የደረቀውን ሴፓል፣ ጫፉ ላይ የስታይሉን ቅሪት ራሳቸው ያገኙታል።

ባቄላ ከሌለ ሂቢስከስ ጥሩ ነው። እሱ ላይ ያለው ችግር የልጆቹ ችኮላ ነው። የስታመኑን ቱቦ ይዘው ይጎትቱና ስታይሉን በጥሰው ያመጡታል። ከውጭ ወደ ውስጥ፣ አንድ በአንድ ይንቀሉ።

"ነገ አበባ ይዛችሁ ኑ" ብላችሁ አትልቀቋቸው። ብያለሁ። በማግስቱ ሁለት የፕላስቲክ አበባ መጣ፤ አሥራ አንድ ልጆች ደግሞ ከአንድ ግቢ የተለቀመ አበባ ይዘው መጡ። የግቢው ባለቤት እትዬም ተከትለዋቸው መጡ። ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ሰዓቱንም አስቡበት። የዱባ አበባ ለትምህርት ወርቅ ነው፤ ወንዴው ለብቻ፣ ሴቴዋ ለብቻ ናት። ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ዱባ አዝላ ስለምትታይ ማንም አይስታትም። "እያንዳንዱ አበባ ወንዴም ሴቴም ክፍል አለው" ብሎ ያስተማረ መምህርም እዚያው ይታረማል። ግን ማለዳ ተከፍታ እኩለ ቀን ሳይደርስ ትከደናለች። ከሰዓት ፈረቃ ላይ እንደተጨመቀ መሀረብ የሆነ ነገር ነው ያደልኩት። ሌላውንም ቢሆን በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ ያዙት።

አሁን የማልቀልድበት። በየግቢው ቁልቁል የሚንጠለጠል፣ መለከት የመሰለ ትልቅ አበባ አለ። ክፍሎቹ ትልልቅ ስለሆኑ ያጓጓል። የአስተናግር ዘመድ ነው፤ ሁለቱም መርዝ ናቸው። አንድ ባልደረባዬ ክፍል ውስጥ አስገነጣጠለው። አንዲት ልጅ በዚያው እጇ ዓይኗን አሸች። ከሰዓት በኋላ የአንድ ዓይኗ ብሌን ሰፍቶ ብርሃን ማየት አቃታት፤ ክሊኒክ ተወሰደች። ውስጡ አትሮፒን አለ፤ የዓይን ሐኪም ብሌን ለማስፋት የሚጠቀምበት ነገር ማለት ነው። ልጅቷ ድናለች። ባልደረባዬ ግን እስከ ዛሬ ያንን አበባ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ነጭ ወተት የሚያወጣ ተክልም አታምጡ፤ ቅንጭብ ዓይን ያቃጥላል። በማንኛውም አበባ ቢሆን ሲጨርሱ እጃቸውን ይታጠቡ።

ምላጭ ለስድሳ ልጅ አይታደልም። ስቴኪኒና ጥፍር ይበቃል። ኦቫሪ መቁረጥ ሲያስፈልግ እናንተ እየዞራችሁ ቁረጡላቸው። አንዱን በቁመት፣ ሌላውን በአግድም፤ ክፍልፋዮቹ የሚቆጠሩት በአግድሙ ነው።

የመጨረሻው ስህተት አሁንም ያመልጠኛል። ሰሌዳ ላይ ቀድሜ እስላለሁ። ስትስሉ ልጆቹ የሚገለብጡት ሰሌዳውን ነው። ፊታቸው ያለውን አይተው የሚስሉት ጥቂት ናቸው። አምና ሰሌዳውን ባዶ ትቼ "ያያችሁትን ሳሉ" አልኩ። አንዷ ሂቢስከሷን ስትስል አንዱ ፔታል ላይ ቀዳዳ አደረገችበት። በቀስት አመልክታ "ትል የበላው" ብላ ጽፋበታለች። አበባውን አየሁት። እውነትም ተበልቷል። አሥር ከአሥር ሰጠኋት።