ደሴ ላይ ቁልቁለት ሲፈተሽ በጋ ያሳስታል

ከደሴ በላይ ባለው ቶሳ ተራራ ሥር ያለን ቁልቁለት በጥር ያየ ሰው ዓለት ይመስለዋል። ያው መሬት በነሐሴ ውሃ ጠጥቶ ሌላ ይሆናል። የመሬት መንቀጥቀጥ ደግሞ ወር አይመርጥም፤ ማጀቴንና ካራቆሬን የጎዳው በግንቦት 1953 መጣ፣ የሚቀጥለው በክረምት ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ቦታውን በእግር ይዙሩት። አናቱ ላይ እንደ ማጭድ የታጠፈ ስንጥቅ፣ ከሥሩ የጎበጠ ባሕር ዛፍ፣ ግርጌው ላይ የሚያዥ ውሃ ካለ መሬቱ ሳይንሸራተት አልቀረም። እንዲህ ከሆነ ላቦራቶሪውን የአፈሩን ከፍተኛ ጥንካሬ ሳይሆን ከተንሸራተተ በኋላ የሚቀረውን ይጠይቁ።

ቀጥሎ እስከ ጠንካራው ዓለት የሙከራ ጉድጓድ ይቆፈር፤ ጎኑ እንዳይደረመስ በእንጨት ይደገፍ። ናሙናው አፈሩ ከበሰበሰው ባዛልት ጋር ከሚገናኝበት፣ ብዙውን ጊዜ ለስላሳ ሸክላ ካለበት ይወሰድና በውሃ ጠግቦ ይፈተሽ። የተበሳሳ ቱቦ ቀብረው ከሰኔ እስከ መስከረም የውሃውን ከፍታ በየሳምንቱ ይመዝግቡ።

አሁን ስሌቱ። ውፍረቱ 3 ሜትር፣ ተዳፋትነቱ 20 ዲግሪ፣ ክብደቱ በኪዩቢክ ሜትር 18 ኪሎ ኒውተን፣ የአፈሩ መጣበቅ 8 ኪሎ ፓስካል፣ የሰበቃ አንግሉ (የአፈሩ ቅንጣቶች ተፋትገው መንሸራተትን የሚቋቋሙበት መጠን) 24 ዲግሪ ይሁን። ለመንቀጥቀጡ በግንባታ ኮዱ መሠረት የሚጠበቀው የመሬቱ ፍጥንጥነት ግማሽ ይወሰዳል፤ ከስበት 0.2 እጅ ከሆነ 0.1 ማለት ነው። ይህ የጎን ኃይል አፈሩን ወደ ታች ይገፋዋል፣ መንሸራተቻውን የሚጫነውን ክብደትም ያቀልለዋል፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል።

የሚይዘው ኃይል ለሚገፋው ይካፈላል፤ ውጤቱ ከ1 ካነሰ መሬቱ ይንሸራተታል። ደረቁ አፈር ሳይናወጥ 1.68፣ ሲናወጥ 1.29 ይሰጣል። ውሃው ከታች እስከ ግማሽ ሲደርስ የተናወጠው 1.02 ይሆናል፤ በጭንቅ ቆሟል። ውሃው እስከ ገጹ ከሞላ ሳይናወጥም 1.02 ነው፣ ሲናወጥ 0.76፤ ይሄዳል። ሲናወጥ በ1.29 እና በ0.76 መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ የመጣው ከውሃው ነው። ቀመሩ የሚሠራው ግን ከገጹ ጋር ትይዩ ለሆነ ረጅምና ስስ ንብርብር ነው፤ ለቤት ተብሎ ለተቆረጠ ቀጥ ያለ ግድግዳ አይበቃም።

ቦርከና ወንዝ ዳር ልል አሸዋ በውሃ ተሞልቶ ከተገኘም ይህን ስሌት ይተዉት። መንቀጥቀጡ ጥንካሬውን ራሱን ስለሚያጠፋ የፈሳሽነት ምርመራ፣ ማለትም አሸዋው ሲናወጥ እንደ ፈሳሽ ይሆን እንደሆነ ማጣራት፣ ያስፈልጋል።

የስሌቱ ውጤት ወደ 1 ከቀረበ ወይም ከዚያ ካነሰ ገንዘቡ መጀመሪያ ለማፋሰሻ ይዋል፦ አናቱ ላይ ጎርፍ የሚያስቀይር ቦይ፣ ውስጡ በጠጠር የተሞላ ጥልቅ ማፋሰሻ። የድጋፍ ግንብ ከተሠራ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው፤ ከሌለው ግንቡ ራሱ ውሃ ያጠራቅማል። ግርጌውን መቁረጥ ግን የቁልቁለቱን እግር መንሳት ነውና አይሞከር።