«አኦሪታ» ስትባሉ ሰዓቱን ጠይቁ

አሜሪካ ውስጥ ከሜክሲኮ ሰዎች ጋር የምትሠሩ ከሆነ ይቺን የስፓኒሽ ቃል ቶሎ ልመዷት፦ «አኦሪታ»።

ምንጯ «አኦራ» ነው፤ «አሁን» ማለት። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኢታ» ማሳነሻና ማቆላመጫ ናት። ስለዚህ ጀማሪ ሰው ቃሏን «አሁኑኑ» ብሎ ይረዳታል። ብዙ አለመግባባት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሜክሲኮዎች ጋ «አኦሪታ» አሁኑኑም፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላም፣ ማታም ልትሆን ትችላለች። ባልደረባችሁ «አኦሪታ ቤንጎ» ብሎ ከወጣ ልክ እንደኛ «መጣሁ» ማለቱ ነው። እኛም «መጣሁ» ብለን ወጥተን ስንት ጊዜ ቆይተናል! ሰውየው አልዋሸም፤ አነጋገሩ ነው።

ምግብ ስታቀርቡለት ፈገግ ብሎ «አኦሪታ» ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ይቅርብኝ» ማለት ነው። ፊት ለፊት እምቢ ማለት ስለሚከብደው ነው እንዲህ የሚለው። እኔ ይሄን ጨዋነት በጣም እወደዋለሁ። አንዴ «ኧረ ብላ» በሉት፤ ከደገመው ተዉት።

ነገሩ የግድ አሁን መሆን ካለበት «አኦሪታ ሚስሞ» በሉ። ቀጠሮ ከሆነ ግን «አ ኬ ኦራ?» ብላችሁ ሰዓቱን ቁርጥ አድርጋችሁ ጠይቁ። ማንም አይቀየማችሁም።

ከፖርቶ ሪኮና ከዶሚኒካን ሰዎች ጋር ስታወሩ ግን ተጠንቀቁ። እነሱ ዘንድ «አኦሪታ» አብዛኛውን ጊዜ «በኋላ» ናት። «አሁን» ለማለት «አኦራ»ን ተጠቀሙ።