ያማኮሺ ለመሄድ ላሰባችሁ

ያማኮሺ ጃፓን ውስጥ ያለ የተራራ አካባቢ ነው። አድራሻውን ስትፈልጉ «ያማኮሺ መንደር» ብላችሁ አትድከሙ። ያ አስተዳደር እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2005 ናጋኦካ ከተማ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። «ኒጋታ፣ ናጋኦካ ከተማ፣ ያማኮሺ ታኬዛዋ» በሉ። ስሙን ትተውላቸዋል፤ የወደቀው «መንደር» የሚለው ነው።

ከቶኪዮ ናጋኦካ በፈጣኑ ባቡር፣ በሺንካንሰን፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው። ጣጣው ከዚያ ወደ ተራራው የሚወጣው አውቶቡስ ነው። ከመሄጃው በፊት የመመለሻውን ሰዓት እዩ። እኔ የመሄጃውን ብቻ ፎቶ አንስቼ ሄጄ፣ ማምሻውን ባዶ ፌርማታ ላይ ተገተርኩ። ሽንኩርት በጫነች ትንሽ ፒካፕ የምታልፍ አንዲት እናት ቆመችልኝ። «ናጋኦካ ልወርድ ነው፣ ግባ» አለችኝ። «እዚህስ ናጋኦካ አይደል እንዴ?» ብላት እስክንደርስ ሳቀች።

በበረዶው ወራት አትሂዱ። ከሰው ቁመት በላይ ይከመራል።

መጀመሪያ ኮጎሞ ወደምትባለው የያማኮሺ ሰፈር ውረዱ። ኦክቶበር 23 ቀን 2004፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ከ56 ላይ፣ በሬክተር 6.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተራራውን ናደው። ናዳው ኢሞ የሚባለውን ወንዝ ዘጋ፤ ውሃው ወደ ኋላ ሞልቶ ቤቶቹን ዋጠ። ከቤቶቹ ሁለቱን ግማሽ አካላቸው ጭቃ ውስጥ እንደተቀበረ ታዩአቸዋላችሁ። ያኔ 2,200 ያህሉን ነዋሪ በሄሊኮፕተር አንስተው ናጋኦካ አሰፈሩት። ስለዚህ መንደሯ በወረቀት ከተማ ስትገባ፣ ሰዎቿ ቀድመው ከተማው ውስጥ ጊዜያዊ መጠለያ ላይ ነበሩ። ይሄ እስካሁን ይገርመኛል።

የበሬ ግጥሚያ ማየት ከፈለጋችሁ ከሜይ እስከ ኖቬምበር ባሉት የውድድር ቀናት ሂዱ። «ማን አሸነፈ?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ። አሸናፊ የለም። ሁለቱ በሬዎች ቀንድ ለቀንድ ገጥመው ግጥሚያው ሲጋጋል፣ ሰዎች ዘለው ገብተው የኋላ እግራቸውን በገመድ ይይዛሉ፤ ከዚያ አፍንጫቸውን ጨብጠው ይለያዩአቸዋል። የሚወዱት በሬ ተሸንፎ ሞራሉ እንዲሰበር አይፈልጉም። የገጠር ልጅነት ያለው ሰው ይሄንን ቶሎ ይረዳል፤ እኛ ግን ልጆች ሆነን የምናጋጥመው አንዱ እስኪሸሽ ነበር።

ባለቀለሙን ኮይ ዓሣ የፈለገ ኦክቶበርን ይምረጥ። ከኩሬ የሚወጣው ያኔ ነው። እዚያ ያሉት አልፓካ የሚባሉ ባለጸጉር እንስሳት ደግሞ ከልጅ ጋር ለሚሄድ ጥሩ ናቸው፣ እኔ ግን ሳያቸው ጊዜዬ አለቀ።

ያ ጊዜ ለናካያማ ዋሻ ይሁን። በክረምት ሐኪም ፍለጋ በሽተኛ ተሸክሞ ኮረብታውን መሻገር ያንገፈገፈው የኮማትሱጉራ መንደር ሕዝብ፣ እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1949 ድረስ በዶማ ፈልፍሎ 877 ሜትር ቆፍሮታል። ከመግቢያው ትንሽ ያስገባል። ግድግዳውን በመዳፋችሁ ዳስሱት፤ የዶማው ምት ጎድጓዳ ሆኖ ይሰማችኋል። ጃኬት ያዙ፣ በኦገስት ሙቀት እንኳ ውስጡ ይበርዳል።