የጌም ኩባንያ ሲሸጥ ስለ አለቆቹ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ እኔና ጓደኞቼ የምንጫወትበት ፕሌይስቴሽን ቤት ከኳስ ጌም ሌላ ብዙም አይከፈትም። ጌሙን የሚሠራው ኢኤ በ55 ቢሊዮን ዶላር ሊሸጥ መሆኑ በሴፕቴምበር 2025 ሲሰማ፣ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ክርክር ገባ። «አለቃው ይባረራል፣ ፊፋም አበቃለት» ያለ ነበር። (ስሙ ቢቀየርም እኛ ጋ አሁንም ፊፋ ነው።) እኔም ድሮ እንደዚያ አስብ ስለነበር፣ የታረምኩባቸውን ስህተቶች ልጻፍላችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት የሽያጩን ወሬ ከአለቃው መሰናበት ጋር አንድ ቀን ማድረግ ነው። ማይክሮሶፍት አክቲቪዥን ብሊዛርድ የተባለውን የጌም ኩባንያ በ68.7 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ መሆኑን የተናገረው በጃንዋሪ 2022 ነው። የአሜሪካና የእንግሊዝ ተቆጣጣሪዎች ስለተቃወሙት ግዢው የተጠናቀቀው ኦክቶበር 13 ቀን 2023 ነው። አክቲቪዥንን ከ1991 ጀምሮ የመራው ቦቢ ኮቲክም ወዲያው አልወጣም፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቆየ። ከወሬው እስከ ስንብቱ ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የኢኤው አንድሩ ዊልሰን ደግሞ በሥራ አስፈፃሚነቱ እንደሚቀጥል ከሽያጩ ዜና ጋር አብሮ ተነግሯል። የእኛ ተከራካሪዎች እስከዚያ አላነበቡም።

ሁለተኛው፣ መሥራቹ ከሄደ ጌሙ ሞተ ማለት። ማይንክራፍት የተባለውን ጌም የሠራው ሞያንግ በ2014 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ሲሸጥ ሦስቱም መሥራቾች ወጡ። ማይንክራፍት ግን በ2023 ሽያጩ 300 ሚሊዮን ደረሰ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ማርኩስ ፐርሰን የጌሙን ሥራ ለዬንስ በርገንስተን ያስረከበው ገና በ2011 መጨረሻ ነበር። ሽያጩ ሲመጣ ሥራውን የሚያውቀው ሰው ቦታው ላይ ነበር።

አዲስ የተሾመውን ሁሉ የገዢው ሰው አድርጎ ማየትም ስህተት ነው። የአክቲቪዥን ብሊዛርድ አንድ ክፍል የሆነውን ብሊዛርድን እንድትመራ በጃንዋሪ 2024 የተሾመችው ጆሃና ፌሪስ ከማይክሮሶፍት አልመጣችም። እዚያው አክቲቪዥን ውስጥ ኮል ኦፍ ዱቲ የተባለውን ጌም ስትመራ የቆየች ናት።

ከሁሉም የከፋው ግን ላይኛውን ወንበር ብቻ ማየት ነው። ጃንዋሪ 25 ቀን 2024 የብሊዛርድ ፕሬዚዳንት ማይክ ይባራ መልቀቁ ተሰማ። በዚያው ቀን ማይክሮሶፍት ከጌም ክፍሉ 1,900 ሠራተኞችን እንደሚቀንስ አስታወቀ። ብሊዛርድ ለዓመታት ሲሠራው የነበረ አንድ ጌምም ተሰረዘ። የይባራን ስም ሁላችንም ያዝን። የ1,900ዎቹን ማን ያውቃል?

ይሄን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ ማታ ማታ የምሠራበት ጌም ቤት ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት ሥራ አስኪያጁን አልነካውም፤ ሁላችንም ተረጋጋን። የተሰናበተው ጆይስቲክ የሚጠግነው ልጅ ነበር። ደመወዙ ትንሽ ስለሆነ ማንም እንደ ለውጥ አልቆጠረው። የትኛው ጆይስቲክ ወደ ግራ እንደሚጎትት፣ የትኛው ደንበኛ በዱቤ ተጫውቶ መቼ እንደሚከፍል የሚያውቀው ግን እሱ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ደህና ጆይስቲክ ሦስት ብቻ ቀረ። ደንበኛውም ወደ ሌላ ቤት ሄደ። ልጁ ሲሰናበት አንድ ቃል አለመናገሬ ዛሬም ይቆጨኛል።

የመጨረሻው፣ የስንብት ደብዳቤን እንደተጻፈው መቀበል ነው። ጎጃም እኮ ቅኔ ልማር ያለ ሁሉ ከሩቅ አገር ዋሸራና ዲማ ድረስ በእግሩ ሲመጣበት የኖረ ምድር ነው። ሰምና ወርቅ መለየት ለእኛ አዲስ አይደለም። ምስጋናውን እለፉትና ማን እንደተተካ፣ ተጠሪነቱ ወደ ማን እንደዞረ ፈልጉ። ኮቲክ ሊወጣ ሲል የማይክሮሶፍት ጌም ክፍል አለቃ የነበረው ፊል ስፔንሰር ለሠራተኞቹ የጻፈው መልእክትም ምስጋና ነበረበት። ቀጥሎ ያለውን ግን እዩ። ተተኪ አልተሰየመም። የኩባንያው ሦስት ክፍሎች፣ የአክቲቪዥን፣ የብሊዛርድና የኪንግ ኃላፊዎች ተጠሪነታቸው ለማይክሮሶፍት ኤክስቦክሱ ማት ቡቲ ሆነ። የተነሳው ሰውየው ብቻ አይደለም፤ ወንበሩም ጭምር ነው።