ሃይድሮካርቦን ለመለየት ሃይድሮጅኑን ቁጠሩ

አልኬን (alkane)፣ አልኪን (alkene)፣ አልካይን (alkyne)። ሦስቱም ሃይድሮካርቦን ናቸው፤ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠሩ ውህዶች። ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ተማሪ ያምታታቸዋል። ከሽምደዳ የሚገላግል ዘዴ ላካፍላችሁ።

የካርቦኑን ቁጥር በ2 አባዙና 2 ጨምሩበት። ሞለኪውሉ ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛው የሃይድሮጅን ብዛት ይሄ ነው። አሁን ፎርሙላው ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። እኩል ከሆነ ቦንዱ (የአቶሞቹ ትስስር) ሁሉ ነጠላ ነው፤ አልኬን በሉት። 2 ከጎደለ አንድ ድርብ ቦንድ ያለው አልኪን፣ 4 ከጎደለ ደግሞ ሦስትዮሽ ቦንድ ያለው አልካይን ሊሆን ይችላል።

እዚህ ጋ ግን ተጠንቀቁ! ካርቦኖቹ ዞረው ሲገጥሙ የሚፈጠረው ቀለበትም 2 ሃይድሮጅን ያጎድላል። 6 ካርቦንና 12 ሃይድሮጅን ስታዩ ሄክሲን (6 ካርቦን ያለው አልኪን) ነው ለማለት አትቸኩሉ፤ ቀለበት የሆነው የሳይክሎሄክሴንም ፎርሙላ ያው ነው። የሚለያቸው የብሮሚን ውሃ (ብሮሚን የሟሟበት ውሃ) ነው። ጨምራችሁ ስትንጡት ሄክሲን ብርቱካናማውን ቀለም ድራሹን ያጠፋዋል። ሳይክሎሄክሴን ግን ብርሃን እስካላገኘው ድረስ ብሮሚኑን አይነካውም።

እስቲ ቤንዚንን ሞክሩት፤ የመኪናውን ነዳጅ ሳይሆን 6 ካርቦንና 6 ሃይድሮጅን ያለውን። ከ14 ላይ 8 ጎደለ። 3 ድርብ ቦንድና አንድ ቀለበት ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ ከብሮሚን ጋር በቀላሉ አይዋሃድም፤ ኤሌክትሮኖቹ ቀለበቱን ሙሉ ተሰራጭተው አጽንተውታል። አሮማቲክ ተብሎ ለብቻው የተመደበውም ለዚህ ነው።