ከድርብርብ ፕላስቲክ ሌዘር እንዴት ይሰራል

ሃያ ሁለተኛው የፕላስቲክ ሽፋን ላይ መብራት ሄደ። ማሽኑ እየተንቀራፈፈ ቆመ፤ ፈሳሹም መሃል ላይ ተጠራቅሞ ደረቀ። የአንድ ቀን ልፋቴን ውሃ በላው። ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ ሆናችሁ ላብራቶሪ ውስጥ የምትሞክሩት ካላችሁ፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያስቀጥል መሣሪያ) ሳትይዙ አትጀምሩ።

ሌዘር ሲያስቡት ቀላል ነው። ሁለት መስታወት ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ መሃላቸው ብርሃን የሚያጎለብት ቀለም ይገባል። እዚህ መስታወቶቹም ፕላስቲክ ናቸው። አንድ ሽፋን ፕላስቲክ የሚመልሰው ብርሃን ጥቂት ነው። ብርሃን የሚሰብሩበት መጠን የተለያየ ሁለት ፕላስቲኮችን እያፈራረቁ ሲደርቧቸው ግን ከየሽፋኑ የሚመለሰው ተደማምሮ መስታወት ይወጣዋል።

ፋብሪካ ይህን የሚሰራው በቀለጠ ፕላስቲክ ነው። ሁለቱን ያነባብራል፣ ለሁለት ይከፍላል፣ ዘርግቶ መልሶ ይደርባል። አምስት ጊዜ ሲደግመው ሁለቱ ሽፋን 64 ይሆናል። ነጠላ እየተደረበ ጋቢ እንደሚሆነው ማለት ነው። እኔ ያ ማሽን ስለሌለኝ በስፒን ኮተር (ጠብ ያለውን ፈሳሽ በፍጥነት አሽከርክሮ ስስ ሽፋን በሚያደርግ ማሽን) እያሽከረከርኩ ነው የምሰራው።

መጀመሪያ ከሁለቱ ፕላስቲኮች ሁለት ፈሳሽ አዘጋጁ። ፖሊቪኒልካርባዞልን በክሎሮቤንዚን፣ ሴሉሎስ አሲቴትን በዳይአሴቶን አልኮል አሟሙ። በክብደት 2 በመቶ ገደማ ለመነሻ ይበቃል። ለምን እነዚህ? ላይ የሚፈሰው ታች ያለውን ካሟሟው ሁሉም ነገር ገንፎ ይሆናል፤ እነዚህ ግን አይነካኩም። ክሎሮቤንዚን መርዛማ ነው። ጓንት አድርጋችሁ፣ ጭስ በሚስብ ሳጥን ውስጥ ብቻ ስሩ። ማድቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ቀጥሎ የየሽፋኑን ውፍረት ልክ ማውጣት ነው። የምንፈልገው የሞገድ ርዝመቱ 570 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) የሆነውን ቢጫ ብርሃን ነው እንበል። ይህን ለአራት፣ ከዚያ ደግሞ ለፕላስቲኩ የስብረት ቁጥር (ብርሃን ለሚሰብርበት መጠን) አካፍሉት። ለካርባዞሉ (1.68) 85 ናኖሜትር፣ ለአሲቴቱ (1.47) 97 ናኖሜትር ይመጣል። ለየብቻ አንድ አንድ ሽፋን ሰርታችሁ ለኩ። ከወፈረ ፍጥነት ጨምሩ፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ውፍረቱ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ግማሽ ቀን ቢፈጅባችሁም እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

ከዚያ መደረብ። በደንብ በታጠበ ጠፍጣፋ የብርጭቆ ቁራጭ ላይ ካርባዞል ጠብ አድርጉ፣ አሽከርክሩ፣ 80 ዲግሪ ላይ ጥቂት ደቂቃ አድርቁ። ሲቀዘቅዝ አሲቴት። እንደገና አድርቁ። እንዲህ እያላችሁ 15 ጥንድ፣ ማሳረጊያው አንድ ካርባዞል። በስሌት ከ90 በመቶ በላይ ይመልሳል።

ስምንተኛው ጥንድ ላይ ብርጭቆውን ወደ መስኮት አንሱት። ፊት ለፊት ቢጫ ያብረቀርቃል፤ ዘንበል ስታደርጉት ቢጫው ወደ አረንጓዴ ይሸሻል። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄን ሰዓት ነው።

ጠላታችሁ አቧራና እርጥበት ነው። የደሴ ጉም መስኮት አልፎ ሲገባ ፊልሙን ሊያደበዝዘው ስለሚችል በጋ ይሻላል። ጎረቤት ክፍል ቡና ከተፈላም በሩን ዝጉ፤ አንዷ የዕጣን ጭስ ብናኝ ከሽፋኑ ልትወፍር ትችላለች። ቡናውን እዚያው ሄዳችሁ ጠጡ።

አሁን ቀለሙ። ወፈር ባለ የአሲቴት ፈሳሽ ውስጥ ሮዳሚን 6ጂ ጨምሩ፤ ከፕላስቲኩ ክብደት 1 በመቶ ገደማ። ጣት ከነካ እንደ እንሶስላ ይዞ ይቀራል። «ቢበዛ ይደምቃል» ብላችሁ አታብዙ። ሞለኪውሎቹ ሲጠጋጉ የራሳቸውን ብርሃን ይውጡታል። ጥቂት ማይክሮሜትር የሚወፍር ፊልም አድርጋችሁ መስታወቱ ላይ አልብሱት፤ በላዩ ሁለተኛውን መስታወት በዚያው አኳኋን ስሩ። ጠቅላላው ከፀጉር የቀጠነ ነው።

ቀለሙን የምንቀሰቅሰው 532 ናኖሜትር በሆነ አረንጓዴ፣ በናኖሰከንድ (በሰከንድ ቢሊዮንኛ) ብልጭ ድርግም በሚል ሌላ ሌዘር ነው። የገበያው አረንጓዴ ጠቋሚ ጉልበት የለውም። አረንጓዴውንም ቢጫውንም ብርሃን የሚያግድ የሌዘር መነጽር አድርጉ፤ በዓይን ቀልድ የለም። ብርሃኑን በሌንስ ሰብስባችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ልቀቁት። ካጋደላችሁት፣ ቅድም መስኮት ላይ እንዳያችሁት፣ መስታወቱ ወደ አረንጓዴው ይሸሽና የምትልኩትን ራሱን ይመልስባችኋል።

ከኋላ አረንጓዴውን የሚያስቀር ማጣሪያና ነጭ ወረቀት አቁሙ። ጉልበቱ ትንሽ እያለ ብርቱካናማ ድምቀት በየአቅጣጫው ይበተናል። ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። አንድ ቦታ ላይ ድንገት ወረቀቱ ላይ ጠባብ፣ ደማቅ ነጥብ ትወጣለች፤ ሌዘራችሁ እሷ ናት። ነጥቧ እየደበዘዘች ከሄደች እዚያ ያለው ቀለም ተቃጥሏል ማለት ነው፤ ፊልሙን አንድ ሚሊሜትር ገፋ አድርጋችሁ ቀጥሉ።